ተያዥ ያጡ ልጆች

ማስቲሽ መሳብ ያቆሙ የጎዳና ልጆች ነበሩ። የእኔ ቁጭት ከዚህ ይጀምራል። ብዙዎቹ አላቆሙም፣ አውቃለሁ። ግን ሳሪስ አቦ አካባቢ፣ ጎተራ ማሳለጫው ሥር፣ ጎፋ ማዞሪያ፣ ጀሞ ታክሲ ተራ ላይ ዓመታት ያደሩና ጠርሙሱን በገዛ እጃቸው የጣሉ ልጆች ነበሩ። አንዱ አብሮት በረንዳ የሚያድረው ጓደኛው ጠዋት ሲቀሰቅሱት ሳይነሳ ቀርቶ፣ ደንግጦ አቆመ። ሌላው እግሩ እየደነዘዘ መራመድ ሲያቅተው። አንዷ ማርገዟን ስታውቅ። ጠበል ገብተው ያቆሙም አሉ፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወይም ጻድቃኔ ማርያም ሱባዔ ይዘው፣ ሐራራውን በጸሎትና በቀዝቃዛ ውሃ ታግለው፣ ፊታቸው ጠርቶ ተመልሰዋል። ይህን ያየ ሰው "ሱሰኛ አይድንም" ሲባል ሊቀበል አይችልም። ድነው ነበር። የተመለሱት ግን ወደዚያው በረንዳ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጠርሙሱ እንደገና አፍንጫቸው ሥር ነበር።

ያን ጊዜ ነው አላፊ አግዳሚው ራሱን እየነቀነቀ "እነዚህ እኮ አይለወጡም" የሚለው። ይህችን ንግግር ስሰማ ቆሽቴ ያርራል። ከባዱን ሥራ ልጁ ብቻውን ሠርቶት ነበር። ለእኛ የቀረው ቀላሉ ነበር፤ ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት፣ ራሱን የሚያሳርፍበት፣ ነገ ጠዋት የሚገባበት ሥራ። ይህንን ነው ያልሠራነው።

ስለ ጎዳና ልጅ ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር አለ፤ ገንዘብ የለውም ይባላል። አለው። ይጭናል፣ ያወርዳል፣ ታክሲ ይጠራል፣ ሊስትሮ ይሠራል፣ መኪና ያጥባል፣ ቄራ በኩል ወርዶ ዕቃ ይሸከማል፣ ቁራጭ ብረትና የሃይላንድ ጠርሙስ ለቃቅሞ በኪሎ ይሸጣል። በደህና ቀን የሚያገኘው አንዳንድ ተቀጣሪ ከሚያገኘው የቀን ድርሻ ያላነሰበት ጊዜ አለ። የሌለው ገንዘቡ የሚያድርበት ቦታ ነው። በረንዳ ላይ የሚተኛ ልጅ ኪስ ውስጥ የቀረ ብር ሌሊቱን አይሻገርም። ትልልቆቹ ይፈትሹታል፤ ሲተኛ ይሰርቁታል፤ እምቢ ካለ ይደበደባል። ስለዚህ የተገኘው ሁሉ ሳይመሽ ማለቅ አለበት። "ያገኙትን ያጠፋሉ" ብለን እንወቅሳቸዋለን፤ የሚያጠፉት ግን ሌባ የማይወስደው ቦታ ሆዳቸውና ሳንባቸው ብቻ ስለሆነ ነው።

ማስቲሽ ደግሞ ለዚያ ሒሳብ የተሠራ ይመስላል። ከእራት ይረክሳል፣ ረሃቡን ያደነዝዛል፣ የኅዳርና የታኅሣሥን ቁር ያስረሳል። የጫማ ማጣበቂያው ውስጥ ያለው ቶሉይን የሚባለው ኬሚካል በሳንባ በኩል ገብቶ አንጎል ለመድረስ አፍታ አይፈጅበትም። ስካሩ ግን ደቂቃዎች ብቻ ይቆያል። ለዚህ ነው ልጁ ጠርሙሱን ከእጁ የማይለየው፣ እጅጌው ውስጥ ደብቆ ሲስበው የሚያመሸው። እየቆየ ነርቩን ይበላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ማስታወስ ያሳጣል፤ ልብን በድንገት አዛብቶ በዚያው ሌሊት ሊገድልም ይችላል። ለሄሮይን ሱሰኛ ሜታዶን የሚባል ምትክ መድኃኒት ዓለም ላይ አለ። ለሲጋራም ኒኮቲን የያዘ ማስቲካና ፕላስተር አለ። ለማስቲሽ ግን ሐኪም የሚያዝለት ምትክ የለም። መድኃኒቱ ጊዜ ነው፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሰው፣ ሥራ። ከዚህ ሌላ ማንም የተሻለ ነገር አላገኘለትም።

እንዲህ ከሆነ ደግሞ የልጁ ኑሮ ራሱ ሕክምናው ነበር ማለት ነው። ይህን ስናውቅ ምን ሠራን?

ያቆመ ልጅ የመጀመሪያ ጥረቱ ብር ማስቀመጥ ነው። ባንክ አይሄድም፤ መታወቂያ የለውም። የሚሄደው መንገድ ዳር ሻይና ዳቦ ወደምትሸጠው ሴት ነው። "ማዘር፣ ይቺን ያዢልኝ" ይላታል። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥርለታለች። እነዚህ ሴቶች ለዚህ ከተማ የሠሩትን ማንም አልጻፈላቸውም። ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ወለድ፣ አንድም ቀን ሳይክዱ የስንቱን ልጅ ብር ይዘዋል። ማታ ሐራራው ሲመጣበት "ስጪኝ" ቢላት "ሂድ ወዲያ፣ ነገ ጠዋት" ብላ የምታባርረው እሷ ናት። ያቺ "ነገ ጠዋት" ስንቱን ልጅ አንድ ሌሊት አሻግራለች። ግን እሷም ራሷ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጀበናዋንና ስኒዋን ይዛ የምትሮጥ ናት። አንድ ቀን ከዚያ ማዕዘን ስትነሳ የልጁም ባንክ አብሮ ይነሳል። ደህና አደርሽ ብሎ ሲመጣ የለችም።

ሁለተኛው ጥረቱ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚዘጋው። ብሎኬት ማምረቻ፣ ጋራዥ፣ ሆቴል፣ መጋዘን፣ የትም ቢሄድ ንግግሩ አንድ ዓይነት ነው።

"ተያዥ አለህ?"

"የለኝም ጋሼ።"

"መታወቂያስ?"

"የለኝም። ጋሼ፣ ሥራዬን አይተው እኮ…"

"እንግዲህ ምን ላድርግህ ልጄ? ዕቃ ቢጠፋ ማንን እጠይቃለሁ?"

ሰውየው ክፉ አይደለም። ንብረቱን ይፈራል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እፈራ ይሆናል። ግን ተያዥ ማለት ደመወዝ ያለው፣ አድራሻው የታወቀ፣ "እኔ አለሁለት" የሚል ሰው ነው። ከወላይታ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ በአሥራ ሁለት ዓመቱ በአይሱዙ ተንጠልጥሎ የመጣ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ያመጣል? መታወቂያ እንዳያወጣ የቤት ቁጥር ይጠየቃል፤ የቤት ቁጥር እንዳይኖረው ቤት የለውም፤ ቤት እንዳይከራይ ሥራ የለውም፤ ሥራ እንዳይገባ መታወቂያ የለውም። ይህን ክብ ዞሮ ዞሮ የደከመው ልጅ ማታ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል። እነሱ ተያዥ አይጠይቁትም። ጠርሙሱን ያቀብሉታል።

ድህነታችን ነው ለማለት አፌ አይከፈትም። ገንዘቡ ነበር! በ2009 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 995 የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቋመ። 10 ቢሊዮን ብር። ያን ጊዜ 10 ቢሊዮን ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። የቀደመው ዓመት ተቃውሞ አገሩን ስላናወጠው መንግሥት ለወጣቱ ሥራ ለመፍጠር ተጣደፈ፤ ከ18 እስከ 34 ዓመት ያለ ወጣት ተደራጅቶ ይበደር ተባለ። ለመደራጀት ግን በነዋሪነት መመዝገብ፣ ሥራ አጥነትን ማስመስከር፣ ቅድመ ቁጠባ መቆጠብ ያስፈልጋል። ከጎተራ ድልድይ ሥር ተነስቶ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ልጅ የሚሰለፍበት ወረፋ አልነበረም። በሕጉ ፊት ሥራ አጥ ለመባል እንኳ አድራሻ ያስፈልገው ነበር። የበለጠ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ መታወቂያ ላላቸው፣ ተያዥ ላላቸው፣ ማኅተም ለተመታላቸው የተሰጠው ብድር በብዙ ቦታ ሳይመለስ ቀረ። ኃላፊዎቹ ራሳቸው ሲያማርሩ ሰምተናል። "የጎዳና ልጅ ይበላዋል" ብለን የከለከልነው ገንዘብ በቤተኞቹ እጅ ተበላ። ቢበላስ፣ ምነው አንዲቷ ከመቶ እጅ እንኳ ማስቲሹን ለጣለ ልጅ ሄዳ በነበር!

በዚያው 2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር ብድርና በመንግሥት መዋጮ በ11 ከተሞች ሥራ ጀመረ። አዲስ አበባ ትልቁ ተጠቃሚ ነበረች። የፕሮግራሙን አሠራር ሳስብ ነው ቁጭቱ የሚብሰኝ፤ ምክንያቱም የጎዳና ልጅ የሚያስፈልገው ነገር ውስጡ ነበረ። ሰውየው ሰፈሩን ያጸዳል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ችግኝ ይተክላል፤ ክፍያው በባንክ ይገባለታል፤ ከክፍያው 20 ከመቶው ይቆጠብለታል፤ በመጨረሻ መቋቋሚያ ገንዘብ ይሰጠዋል። ማለት የሻይ ሻጯን "ነገ ጠዋት" መንግሥት ደንብ አድርጎት ነበር። ይህ ግን የቤተሰብ መዝገብ ላለው ደሃ ነው። ጎዳና ላይ ላሉት የተመደበው ሌላ ክፍል ነበር፤ ማንሳት፣ ማእከል ማስገባት፣ ማማከር፣ ማሠልጠን፣ ከቤተሰብ ማቀላቀል። አዎ፣ ጥቂት የማይባሉ ተነስተዋል፣ ከቤተሰባቸው የተቀላቀሉም አሉ። ቁጠባው፣ የባንክ ደብተሩ፣ በየወሩ የሚመጣው ሥራ ግን በአንድ በኩል፣ ሱስ የማቆሙ ምክር በሌላ በኩል ሆነው ቀሩ። አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም የሚያውቅ ሰው ሁለቱን አንድ ልጅ እጅ ላይ አላገናኛቸውም።

ሥራውም ቢሆን በደጃችን ነበር። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲቆፈርና ሲገነባ የኖረ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታው ሲጀመር አንዱ ዓላማው ለወጣቱ ሥራ መፍጠር ነበር፤ ብሎኬቱንና ፕሪካስቱን በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች እንዲያመርቱ ተደረገ። ጎተራ፣ መካኒሳ፣ ከዚያ ጀሞ ከመሬት ተነሱ። የጎተራ ማሳለጫ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም የከተማ ባቡሩ ሥራ ጀመረ፤ የቃሊቲው መስመር ንፋስ ስልክን፣ አደይ አበባን፣ ሳሪስን፣ አቦን አቋርጦ ያልፋል። ልጆቹ ከሐዲዱ ሥር ሆነው ጣሪያቸው ሲሠራ ያዩ ነበር። አሸዋ የሚያወርዱት፣ ሲሚንቶ የሚሸከሙት እነሱ ነበሩ፤ ግን በቀን፣ በጥሬ ብር፣ ማታ ማታ፣ ማለት ሌሊቱ በሚጀምርበት ሰዓት ነበር የሚከፈላቸው። እዚያው ሳይት ላይ አንድ የቆርቆሮ መኝታ ክፍል፣ አንድ የተቆለፈ ሣጥን፣ ከደመወዙ ግማሹን እስከ ወር መጨረሻ የሚይዝ አንድ ሒሳብ ሹም ቢኖር ኖሮ! የአንድ ፎቅ የቀለም ወጪ አይሆንም ነበር። ንፋስ ስልክ ደግሞ የቀለም ፋብሪካ ሰፈር ነው።

እኛ የመረጥነው ማራቅን ነው። ከጎዳና የተነሱ ወጣቶች አፋር ክልል አሚባራ ተወስደው በግንባታና በብረታ ብረት ሙያ የሠለጠኑበት ጊዜ ነበር። ሥልጠናውን አልንቅም፤ ሙያ ይዘው የወጡ አሉ። ግን ሙያ የተማረ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ የሚያርፍበት ቤት ካልተዘጋጀ፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት የሚያድረው የት ነው? የሚያውቀው ሰው ሁሉ ያለው ሳሪስ በረንዳ ላይ ነው። ዲፕሎማውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ እዚያው ይተኛል። ከሱስ የወጣ ሰው የሚወድቀው ከማእከል ከወጣበት ቀን እስከ መጀመሪያ ደመወዙ ባለችው ጊዜ ውስጥ ነው። ያቺን ጥቂት ሳምንት ነው ማንም የራሱ ሥራ አድርጎ ያልያዛት። ማእከሉ "አስመርቄያለሁ" ይላል፤ ወረዳው "አላውቀውም" ይላል።

ከዚያ የባሰው መጣ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ ከቡራዩው ግድያና ከአዲስ አበባው ሁከት በኋላ ፖሊስ ብዙ ወጣት አፈሰ። በሺሻና በጫት ቤቶች የተገኙም ነበሩበት። ከ1 ሺህ በላይ የሚሆኑት ጦላይ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ገብተው ወር ያህል ቆዩ፤ የተሰጠው ስም "ተሃድሶ" ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጎዳና ልጅ ተሃድሶ ማለት መኪና መጥቶ የሚወስድህ ነገር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከላፍቶ ብዙም በማይርቀው በሸገር ከተማ ፉሪ፣ ሲዳሞ አዋሽ በሚባል ጊዜያዊ ማቆያ ከጎዳና የታፈሱ ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው መያዛቸውን ይፋ አደረገ። የቀን ሠራተኞችም ነበሩበት። አስቡት፤ ማስቲሹን ትቶ አካፋ ይዞ ሥራ ፍለጋ የቆመ ልጅ፣ ከማስቲሽ ሳቢው ጋር አብሮ ታፍሶ ሲጫን። ማቆሙ ምን ጠቀመው? "ልንረዳህ ነው" የሚል ሰው ሲመጣ ልጁ የሚሮጠው ለዚህ ነው። እምነት አንዴ ካለቀ በበጀት አይተካም።

ሕክምናውም ቢሆን ሩቅ ነበር። ለብዙ ዘመን አማኑኤል ሆስፒታል የአገሩን የአእምሮ ሕመም ብቻውን ሲሸከም ኖረ፤ የሱስ ሕክምና ክፍል ቢኖረውም የአልጋው ቁጥር ከችግሩ ጋር አይገናኝም። የአእምሮ ሕክምናን ሸክም ይጋራል የተባለው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የወረርሽኙ ማእከል ሆነ፤ ግድም ነበር። በዚያው ወረርሽኝ ወቅት ግን አንድ ነገር አየን። የጎዳና ልጆች ትምህርት ቤቶችና ጊዜያዊ መጠለያዎች እንዲገቡ ተደረገ። ለዓመታት "ቦታ የለም" ሲባል የነበረው ቦታ በሳምንታት ውስጥ ተገኘ። ምግብ ነበር፣ ፍራሽ ነበር፣ በር ነበር። ልጆቹ አንድ ላይ፣ ጣሪያ ሥር፣ ለወራት ተሰብስበው ነበር። ከማስቲሽ ነጋዴው ተለይተው ሐራራው የሚወጣበት ጊዜ ሁሉ በእጃችን ላይ ነበር። መታወቂያ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ደብተር መክፈት ይቻል ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ መጠለያው ተዘጋ። በሩን ከፍተን "በሉ ደህና ሁኑ" አልናቸው። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

"ገንዘብ ከሰጠኻቸው ለሱስ ያውሉታል" የሚለው ክርክር ላይቤሪያ ውስጥ ተፈትኗል። ከጦርነቱ በኋላ ሞንሮቪያ ጎዳና ላይ በስርቆትና በአደንዛዥ ዕፅ የሚኖሩ 999 ወጣት ወንዶች በዕጣ ተከፋፈሉ። ገሚሱ ለ8 ሳምንት በቡድን ተሰብስበው ንዴትን መግታት፣ ነገን ማሰብ፣ ንጽሕናን መጠበቅ ተማሩ፤ አስተማሪዎቻቸው ራሳቸው ከዚያ ሕይወት የወጡ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ፣ ትምህርቱን ካገኙትም ካላገኙትም፣ ለገሚሱ 200 ዶላር በእጃቸው ተሰጣቸው። አብዛኛውን ለዕለት ኑሮና ለትንሽ ንግድ አዋሉት እንጂ በሱስ አላጠፉትም። ገንዘቡን ብቻ ያገኙት ከዓመት በኋላ ወደ ቀድሞው ኑሯቸው ተመለሱ። ትምህርቱን ብቻ ያገኙትም ለውጣቸው እየሳሳ ሄደ። ሁለቱንም ያገኙት ግን ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ ወንጀላቸው ምንም ካላገኙት በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። የመጀመሪያው ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የአሥር ዓመቱ ውጤት የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ላይቤሪያ ከእኛ ሀብታም ሆና አይደለም። እኛም ትምህርቱም ገንዘቡም ነበረን፤ በተለያየ ቢሮ፣ በተለያየ ማኅተም።

እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥም ብልሃቱ የገባቸው ነበሩ። ሆፕ ኢንተርፕራይዝ ከዓመታት በፊት ጀምሮ የምግብ ኩፖን ይሸጣል፤ መንገደኛው ገዝቶ በሳንቲም ፈንታ ለሚለምነው ይሰጣል፤ ልጁም ሄዶ ይበላበታል። ኩፖን ማንም ነጥቆ ማስቲሽ አይገዛበትም። እንዲህ ያለች ትንሽ ሐሳብ ለመኝታ ቢሆን፣ ለልብስ ማጠቢያ ቢሆን፣ ለሥራ ልብስ ቢሆን፣ በየወረዳው ብትባዛ ምን ነበረበት?

ወረዳው ራሱ ተያዥ መሆን ይችል ነበር። ይህን ደጋግሜ አስባለሁ። ሦስት ወር ያቆመን ልጅ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ታውቀዋለች፤ የሻይ ሻጯ ትመሰክርለታለች፤ የደብሩ አለቃ ያውቁታል። በአንድ ወረቀት ላይ "ይህ ልጅ ዕቃ ቢያጠፋ ወረዳው ይከፍላል" ብሎ ማኅተም መምታት ነበር የሚያስፈልገው። ከተዘዋዋሪ ፈንዱ ሳይመለስ ከቀረው ብር ጥቂቱ ለዚህ ዋስትና ይበቃ ነበር። የሚጠፋው ዕቃ አካፋ ነው፣ ጄሪካን ነው፣ ቢበዛ አንድ መሰርሰሪያ። የጠፋው ልጅ ግን ስንት ነው?

አሁን ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ መጥቷል፤ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ በሕግ ተቀምጧል። ክቡ ሊሰበር የሚችልበት ቀዳዳ ተገኝቷል ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ደግሞ የከተማው የኮሪደር ልማት በረንዳዎቹን አጽድቷል፤ ልጆቹም የሚገኙበት ማዕዘን የለም። ያኔ የት እንዳሉ እናውቅ ነበር፤ መታወቂያ አልነበራቸውም። ዛሬ መታወቂያው አለ፤ እነሱን ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ መውረድ ያስፈልጋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን።

ፈንዱ በታወጀበት ዓመት 17 ዓመቱ የነበረ፣ ማስቲሹን ጥሎ ጎተራ ላይ አካፋ ይዞ የቆመ ልጅ ዛሬ ሃያዎቹን አጋምሷል። የፈንዱ የዕድሜ ጣሪያ 34 ነው። በሕይወት ካለ ገና አላለፈውም። አድራሻ ግን አሁንም ይጠየቃል።